እትዬ ኦዴሳ ከመኪናቸው አልወርድም ያሉ ዕለት

እትዬ ኦዴሳ ክራምሊ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ድብብቆሽ ጀመሩ። ፀጉራቸውን ሊሠሩ ሲሄዱ ወይን ጠጅ ቀለም ያላትን ቡዊክ መኪናቸውን ከፀጉር ቤቱ ደጃፍ አያቆሟትም። ሁለት መንገድ አልፈው ከቀብር አስፈጻሚው ግቢ፣ ከጥቋቁሮቹ የሬሳ መኪኖች መሀል ያስገቧትና በእግራቸው ይመለሳሉ። ገበያ ሲወጡ ከጭነት መኪና ጀርባ ይፈልጉላታል። ማታ ደግሞ የልጃቸውን መኪና ከቤቱ የመኪና ማደሪያ አስወጥተው የራሳቸውን ያስገቡና በሩን ሁለት ጊዜ ይቆልፋሉ።

ልጃቸው ሃምሳ አለቃ ታሜካ ይህን ሳምንት ሙሉ ታዘበችና አንድ ጠዋት ቡናዋን ቆማ እየጠጣች ጠየቀች።

«እማዬ፣ የኔ መኪና ለምንድን ነው ውጪ የሚያድረው?»

«ወፎቹ ናቸዋ።»

«የትኞቹ ወፎች?»

«የኔዋ ላይ እየመጡ የሚያራክሱት። ያንቺን አይነኩም፤ የመንግሥት ሰው መሆንሽን ያውቃሉ።»

ታሜካ አዲስ የሚመጡ ወታደሮችን የምታሰለጥን ሴት ናት። ውሸት በዓይነት በዓይነቱ ሲቀርብላት ስለሚውል ይሄኛውን ወዲያው ለየችው። ግን እናቷ ስለሆኑ ቡናዋን ጨርሳ ወጣች።

ነገሩ ወፍ አልነበረም። ሬይፎርድ ነበር። ሬይፎርድ የአበዳሪዎችን ዕዳ ያልከፈለ ሰው መኪና እየጎተተ የሚወስድ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ድምፁ ግን እንደ ሕፃን ሐኪም የለሰለሰ ሰው ነው። ሥራው ሕግ አለው። የተቆለፈ ማደሪያ ሰብሮ አይገባም፤ ሰው የተቀመጠበትን መኪና አይጎትትም፤ ጠብ አያነሳም። ከዚህ ውጪ መንገድ ላይ ባዶዋን ቆማ ያገኛትን መኪና ባለቤቷ ሱሪውን ሳይታጠቅ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እትዬ ኦዴሳን ሲከታተል የከረመው እሱ ነው።

የነገሩ ሥር ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በማርሎው ከተማ በሁለተኛዋ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ መጋቢት ላይ የሴቶች ቀን ይከበራል። ሴቶቹ ለሁለት ይከፈሉና ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ በመጨረሻ የየቡድኑ ገንዘብ በማይክራፎን ይነበባል። የአንዱ ቡድን አለቃ እትዬ ኦዴሳ፣ የሌላው ወይዘሮ ዊላዲን ስቶክስ ነበሩ። ወይዘሮ ዊላዲን አራት ዓመት በተከታታይ አሸንፈዋል። በአምስተኛው ዓመት፣ ከንባቡ ሦስት ቀን በፊት፣ የእትዬ ኦዴሳ ቡድን ስምንት መቶ ስድሳ ዶላር ወደኋላ ቀረ።

ማርሎው ከአንድ የጦር ሰፈር ዋና በር ላይ እንደ መዥገር ተለጥፋ የኖረች ከተማ ናት። ከበሩ የወጣ ወታደር መጀመሪያ ፀጉር አስተካካይ ያገኛል፤ ከዚያ የዶሮ ክንፍ ጥብስ፣ ከዚያ ንቅሳት ቤት፤ ከዚያ አበዳሪ፣ ከዚያ ሌላ አበዳሪ፣ ከዚያም የሁለቱን ዕዳ እከፍልልሃለሁ የሚል ሦስተኛ አበዳሪ። እትዬ ኦዴሳ ቢጫ ታፔላ የሰቀለው ቤት ገቡና የመኪናቸውን ሊብሬ አስይዘው ዘጠኝ መቶ ዶላር ተበደሩ። ወለዱ በየወሩ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ነበር። የቤቱ ኃላፊ ኮልቢ የሚባል፣ ክራቫቱን የሚያስር እንጂ የሚያጠብቅ የማይመስል ወጣት ነው። ቅጹ ላይ «ወታደር ነዎት ወይስ የወታደር ቤተሰብ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ኮልቢ ቀና ብሎ እትዬ ኦዴሳን አየ፤ ባለ ላባ ባርኔጣቸውን አየ፤ ሳቅ አለና «አይደለም» የሚለው ላይ ራሱ ምልክት አደረገ።

እትዬ ኦዴሳ አላረሙትም። ለምን እንዳላረሙት ደግሞ እሳቸውና እግዜር ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ባላቸው ክሌቨን ሲሞት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ምግብ ያበሰሉበት ትምህርት ቤትም ጡረታ ሲያወጣቸው፣ የእጃቸው ገቢ የቤት ኪራይ አልችል አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት ዕቃቸውን ጠቅልለው ታሜካ ቤት ገቡ። ቤቱ የታሜካ ነው፣ መብራቱ የታሜካ ነው፣ የሚበሉት የታሜካ ነው። ለዚህም ሠራዊቱ ፎቶአቸው ያለበት መታወቂያ ሰጣቸው፤ «ጥገኛ ወላጅ» ይላል። በሱ ነው ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሆስፒታል ገብተው የግፊት ኪኒናቸውን በነጻ የሚያወጡት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ታሪኩ ተገልብጦ ነበር የተነገረው። «ታሜካ እኔ ዘንድ ገባች» አሉ እትዬ ኦዴሳ። «ልጅ ሃምሳ አለቃ ቢሆንም ልጅ ነው። ምን ላድርጋት?» ሰው ሁሉ አመሰገናቸው። መታወቂያዋ ከቦርሳቸው የውስጥ ኪስ፣ ከማስቲካ ወረቀት ሥር ገብታ፣ ከሆስፒታሉ ውጪ ሦስት ዓመት ፀሐይ ሳታይ ቀረች።

በዚህች ምድር ላይ በስማቸው የተመዘገበ ነገር ቢኖር ቡዊኳ ብቻ ናት። ክሌቨን ነበር የገዛላቸው። ያለሷ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ልጃቸውን «ታደርሺኛለሽ?» ብለው መጠየቅ ሊኖርባቸው ነው። ይህን ከሚሉ ምላሳቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ።

አራት ወር ከፈሉ። የወሰዱትን ዘጠኝ መቶ መልሰዋል ማለት ነው። ኮልቢ ግን «ያ ወለዱ ነው፤ ዋናው እንዳለ ነው» አላቸው። በአምስተኛው ወር ጡረታቸው አልደርስ አለ፤ በስድስተኛውም እንዲሁ። ሬይፎርድም መጣ።

በጥቅምት ሦስተኛው እሁድ እትዬ ኦዴሳ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ግራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አጥፈው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመዋል። አስተናጋጅ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በጸሎት ሰዓት ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። በዚህ ነገር ርኅራኄ የላቸውም። አንድ ጊዜ የከተማውን ከንቲባ ራሱን ከውጭ አቁመውታል። ሌላ ጊዜ ምጥ የጀመራትን ሴት «አሜን እስኪባል» ብለዋታል ይባላል፤ እሳቸው ግን «ምጥ መሆኑን አልነገረችኝም» ይላሉ።

ፓስተሩ ጸሎት ጀመሩ። የታመሙትን በስም ማንሳት ከጀመሩ ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅ እትዬ ኦዴሳ ያውቃሉ። የሁሉም ዓይን ተጨፍኗል። የሳቸው ብቻ በበሩ መስታወት ወደ ውጭ ሲያይ፣ ጎታች መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ግቢው ሲታጠፍ አየ።

ዙሪያቸውን አዩ። ፓስተሩ ገና ሁለተኛው የኩላሊት ሕመምተኛ ላይ ናቸው። ሬይፎርድ ከመኪናው ወረደ፤ ረድፎቹን እየተመለከተ መራመድ ጀመረ። እትዬ ኦዴሳ ቡዊኳን ከሁለቱ የቤተ ክርስቲያን አውቶቡሶች መሀል ነበር የሸጎጧት፤ ግን ከወደኋላ ትታያለች። አያት። ቆመ። መንጠቆውን ሊያወርድ ተመለሰ።

እትዬ ኦዴሳ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ በጸሎት መሀል በሩን ከፍተው ወጡ። በሩ አልቃሻ ነውና ጮኸ። መቶ ሃምሳ ሰው አንድ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

ነጭ ጫማቸው ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ሮጡ። ሬይፎርድ ሰንሰለቱን ይዞ ሲመለስ እሳቸው መሪው ጋ ተቀምጠው በሩን ቆልፈው ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ ኦዴሳ» አለ ሬይፎርድ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ።

እሳቸው መስታወቱን አንድ ጣት ያህል አወረዱ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ጸሎት ነው፤ ቀስ ብለህ አውራ።»

«ቢወርዱልኝ።»

«አልወርድም።»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? የታዘዝኩትን ነው። ትምህርት ቤት እኮ እርስዎ ነበሩ ማካሮኒ የሚደግሙልኝ።»

«አሁን ሳስበው ባልደግምልህ ኖሮ ይሄን አታክልም ነበር።»

ሬይፎርድ ሳቀ። አልተቆጣም። ሄዶ የጎታች መኪናው መከላከያ ላይ ተቀመጠና እጁን አጣጠፈ። «ሰው ያለበትን መኪና አልነካም፤ ሕጉ ነው። ግን ጊዜ አለኝ። ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም። እርስዎ ደግሞ መቼም ሰው ነዎት፤ መውረድዎ አይቀርም።»

እትዬ ኦዴሳ የዚህ ትርጉም የገባቸው ትንሽ ቆይተው ነው። ጠዋት ቁርሳቸውን ሲበሉ የግፊት ኪኒናቸውን ውጠዋል። ኪኒኗ ደግሞ ውሃ የምታስወጣ ናት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቴ ታስነሳለች።

አሜን ተባለ፤ መዝሙሩም ስብከቱም በዚያ ቀን ባልተለመደ ፍጥነት አለቀና ሕዝቡ ተግተልትሎ ወጣ። ሁሉም ቡዊኳን ሳያይ እንደሚያልፍ ሰው ሆኖ ቡዊኳ ጋ መጣ። ቀድመው የደረሱት ወይዘሮ ዊላዲን ነበሩ፤ በእጃቸው ትልቅ ብርጭቆ በበረዶ የቀዘቀዘ ጣፋጭ ሻይ ይዘዋል።

«እህት ኦዴሳ፣ ምነው? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ። ነፋስ እየተቀበልኩ ነው።»

«መስታወት ዘግተሽ?»

«ቀዝቃዛ ነፋስ አልወድም።»

ወይዘሮ ዊላዲን ሬይፎርድን አዩ፤ ሰንሰለቱን አዩ፤ ፊታቸው እንደ ገና ዛፍ በራ። «በይ ጠጪ፤ ፀሐይ ነው፤ ጉሮሮሽ ይደርቃል።» እትዬ ኦዴሳ እንቢ ቢሉ ሰው ይጠረጥራል፤ መስታወቱን አውርደው ጠጡና አንድ ጣት አስቀርተው መልሰው ዘጉት። ወይዘሮ ዊላዲን ብርጭቆውን ተቀብለው ሄዱና ሌላ ሞልተው መጡ።

ታሜካ የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሰፈሩ ውስጥ ተረኛ ሆና ያደረች፣ የደንብ ልብሷን ያላወለቀች፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን ምሳ ልትበላ የመጣች ነበረች። ጎታች መኪናውን፣ ሕዝቡንና የእናቷን ባርኔጣ በቅደም ተከተል አየችና ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት።

«ወፎቹ እነዚህ ናቸው?» አለች በመስታወቱ ክፍተት።

«ታሜካ፣ አሁን ጊዜው አይደለም።»

«የፈረምሽውን ወረቀት አምጪ።»

ወረቀቱ በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እትዬ ኦዴሳ እየተቅለሰለሱ በክፍተቱ አሾለኩት። ታሜካ ቆማ አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያ ሲቆም፣ ከዚያ በአንድ ጥግ ወደ ላይ ሲሄድ እናቷ አዩ። ያችን ፈገግታ ያውቋታል፤ በልጅነቷ ቸኮሌት ከደበቀች በኋላ የምታሳያት ናት።

ታሜካ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። «እማዬ፣ መታወቂያሽ የታለ?»

«ቤት።»

«ዓርብ ኪኒን ያወጣሽበት? ቦርሳሽ ውስጥ ነው።»

«ቀስ በይ! ዊላዲን ጆሮዋ እንደ ጥንቸል ነው።»

«ስሚኝ። ወታደር ላይ እነዚህ ሰዎች ሊያደርጉት የማይችሉት ነገር አለ። በወታደር የሚተዳደር ቤተሰብም እንደ ወታደሩ ነው። መታወቂያሽን ለዚህ ሰውዬ ካሳየሽው መኪናሽ ያንቺ ናት። ካላሳየሽው ግን እኔ አልናገርም። ያንቺ ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ምን እንዳወራሽ አውቃለሁ።»

እትዬ ኦዴሳ ደነገጡ። «ምን አወራሁ?»

«እኔ አንቺ ዘንድ እንደገባሁ። ሁለት ዓመቴ ነው ከሰማሁ። ጓዳዬን ስላጠብሽልኝ ዝም አልኩ።»

ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በአንድ በኩል ቡዊኳ ነበረች፤ ክሌቨን ያስታቀፋቸው፣ መሪዋ እጃቸውን የለመደ። በሌላ በኩል ወይዘሮ ዊላዲን ነበሩ፤ በአንድ ጆሮ የሰሙትን በሰባት አፍ የሚያወሩ። በመሀል ደግሞ ኪኒኗ ነበረች።

ሬይፎርድ ሰዓቱን አየ። «እትዬ፣ መጸዳጃው እኮ እዚያ ነው። ሃያ እርምጃ።» ክፋት አልነበረውም፤ ግን የሥራውን ጠባይ ያውቃል።

ወይዘሮ ዊላዲን ሦስተኛውን ሻይ ይዘው ብቅ አሉ። በረዶው ብርጭቆው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ።

ይህኛው ነው የጨረሳቸው።

«ሬይፎርድ!» አሉ እትዬ ኦዴሳ። «ና ወዲህ። ይህን አንብብ። በልብህ አንብብ፤ ድምፅ እንዳታሰማ።» መታወቂያዋን ከማስቲካ ወረቀቷ አላቅቀው በክፍተቱ አወጡ።

ሬይፎርድ ተቀበለ፤ አራቀው፣ አቀረበው፣ ወደ ፀሐይ አዞረው። «መነጽሬን መኪና ውስጥ...»

«አምጣ እኔ ላንብብልህ» አሉ ወይዘሮ ዊላዲን፤ እጃቸው ከአፋቸው ቀድሞ ነበር። «ምንድን ነው ደግሞ? የጦር ሠራዊት... ኦዴሳ ክራምሊ... ጥገኛ ወላጅ። ኃላፊ፣ ሃምሳ አለቃ ታሜካ ክራ...»

እዚህ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። እትዬ ኦዴሳ መሪውን እያዩ ነበር።

«ጥገኛ» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ለመጠየቅ ያህል።

«አዎ» አለች ታሜካ። «አሁን ለኃላፊህ ደውልልኝ፣ ወንድም ሬይፎርድ። ድምፁን ለሁሉም አሰማው።»

ሬይፎርድ ደወለ። ኮልቢ እሁድ ዕለት ከእንቅልፉ በተነሳ ድምፅ መለሰ። ታሜካ ስሟንና ማዕረጓን ተናገረች፤ የእናቷን መታወቂያ ቁጥር፣ የብድሩን ቀንና ዘጠኝ መቶ ዶላሩን አነበበች። ከዚያ በየወሩ ለአዲስ ወታደሮች የምትሰጠው ገለጻ ከአፏ ይወርድ ጀመር። ሳታውቀው እግሯን ከፍታ እጇን ወደኋላ አጣምራ ቆመች። መዘምራኑም ሳያውቁት ቀጥ አሉ።

«ለወታደርና ለቤተሰቡ በዓመት ከሠላሳ ስድስት በመቶ በላይ ወለድ ማስከፈል ክልክል ነው። ያንተ ስንት ነው?»

«ከመቶ... ሃያ አምስት» አለ ኮልቢ።

«እንግዲያው ከሠላሳ ስድስት በታች ነዋ!» አሉ ፓስተሩ፣ ለማስታረቅ ቸኩለው።

«በዓመት ነው በወር?» አለች ታሜካ።

«በወር።»

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኡ!» አለ። ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ባንክ ያልሆነ አበዳሪ የወታደር ቤተሰብን ሊብሬ መያዣ አድርጎ መውሰዱም ክልክል ነው። ስለዚህ ይሄ ውል ከተፈረመበት ደቂቃ ጀምሮ ውል አይደለም፤ ወረቀት ነው። አሁን ሦስተኛው...»

«ታሜካ» አሉ እናቷ ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ። «ስንተኛው ነው የመጨረሻው?»

«ግን እኔ እንዴት አድርጌ ልወቅ?» ኮልቢ ነቃ። «ሰባ ሊሞላቸው ነው! ወታደር አይመስሉ፣ የወታደር ሚስት አይመስሉ...»

መስታወቱ ተጨማሪ ሁለት ጣት ወረደ። «ሚስት አልመስልም ማለት ምን ማለትህ ነው?»

«ሴትዮዋ አልነገሩኝም ነው የምለው!»

«መናገር የሳቸው ሥራ አይደለም» አለች ታሜካ፤ እንደ አዲስ ምልምል ታግሳ። «የመንግሥት መዝገብ አለ። ስማቸውንና የተወለዱበትን ቀን ታስገባለህ፤ የወታደር ቤተሰብ ከሆኑ ይነግርሃል። ቡና ሳይበርድ ያልቃል። አይተኸው ነበር?»

ከስልኩ ውስጥ ውሻ ሲጮኽ ተሰማ።

«ባርኔጣ ነበር ያደረጉት» አለ ኮልቢ በመጨረሻ። ይህን ሲል እውነቱን ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሬይፎርድ፣ መኪናዋን ተዋት» አለ።

እትዬ ኦዴሳ «ተዋት» የሚለውን ቃል እንደሰሙ በሩን በርግደው ወረዱ። ሕዝቡ ደስታውን ሊገልጽ እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን ማንንም ሳይጨብጡ፣ ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ ይዘው በሃያዋ እርምጃ ፈንታ በአሥራ ሁለት እርምጃ መጸዳጃው ደረሱ። ታሜካ ለማንኛውም ብላ መሪው ጋ ገብታ ተቀመጠች። ሬይፎርድ ሰንሰለቱን እየጠቀለለ፣ «እኔ እኮ ደስ ብሎኛል» አላት። «ግን የጉልበቴን ማን ይከፍለኛል?» ታሜካ ምሳ አዳራሹን አሳየችው።

እትዬ ኦዴሳ ሲወጡ ወይዘሮ ዊላዲን የመጸዳጃው በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። እትዬ ኦዴሳ ለሰይፍ እንደተዘጋጀ ሰው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ሻዩን ሆን ብለሽ ነው ያመጣሽው» አሉ ቀድመው።

«ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብቻ። የመጀመሪያው ከልቤ ነበር።» ወይዘሮ ዊላዲን መታወቂያዋን ዘረጉላቸው። «ዘጠኝ መቶ ዶላር ተበድረሽ ነው እንግዲህ የረታሽኝ?»

«አዎ።»

«በስንት ነበር የረታሽኝ?»

«በአርባ።»

«አምላኬ! አርባ ዶላር ቢቀርብሽስ ምን ነበር?» ወይዘሮ ዊላዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጓንታቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት። «ታሜካ ናት የምታኖርሽ?»

እትዬ ኦዴሳ ሊዋሹ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። «እሷ ናት።»

«ዕቃሽን ሁሉ ይዘሽ ስትመጪ ፊቷን አላጠቆረችም?»

«መኝታ ቤቷን ለቃልኝ ትንሿ ክፍል ገባች። ትልቁ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዊላዲን ያወለቁትን ጓንት አጣጠፉ። «የኔው ልጅ ለገና እንኳ አይደውልም» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ደብቀሽ ምን አስበሽ ነው? እኔ ብሆን መታወቂያውን አንገቴ ላይ በሐብል አንጠለጥለው ነበር።»

እትዬ ኦዴሳ መታወቂያቸውን አዩ። ፎቶው ላይ የተቆጡ ይመስላሉ፤ ያን ቀን በርግጥም ተቆጥተው ነበር። ማስቲካው የለጠፈበትን በምራቃቸው ጠረጉትና ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ከተቱት፤ ግን በፊተኛው ኪስ።

ሰኞ ጠዋት ታሜካ ከሠራዊቱ የሕግ ቢሮ ጋር ተነጋግራ ለእናቷ ደወለች። የቢሮው ሻምበል ወረቀቱን አይቶ ሁለት ጊዜ ስቋል። የተከፈለውን ጉዳይ እነሱ ይከታተሉታል፤ ሊብሬው ግን ዛሬውኑ መመለስ አለበት። ታሜካ «ከሥራ ስወጣ አብረን እንሄዳለን» አለች። እናቷ «እሺ» ብለው ስልኩን እንደዘጉ ባርኔጣቸውን አደረጉ። በመንገድ ላይ ወይዘሮ ዊላዲንን ከቤታቸው አነሷቸው። ለምስክርነት ነው አሉ ሁለቱም፤ አንዳቸውም አላመኑትም።

ቡዊኳን ቢጫው ታፔላ ሥር፣ ልክ በሩ ፊት፣ ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ ላይ በአግድም አቆሟት።

ኮልቢ ሲያያቸው ክራቫቱን አጠበቀ። «እመቤቴ፣ ሊብሬው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ይልኩታል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ቢመለሱ...»

«እንጠብቃለን» አሉ እትዬ ኦዴሳ።

«ረጅም ሊሆን ይችላል።»

«ወንበር አለህ።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቦርሳዎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ወጣት ሴት፣ ሕፃን ታቅፋ፣ ቁልፍ በጣቷ ላይ እያሽከረከረች ገባች።

«ደህና አደርሽ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ኦዴሳ። «ባልሽ ወታደር ነው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ነይ እስኪ ወዲህ። አጠገቤ ተቀመጪ። እህት ዊላዲን፣ ሕፃኑን ያዢላት።»

ሴትዮዋ አምስት ደቂቃ ሰማች፤ ቁልፏን ቦርሳዋ ከተተችና ወጣች። ቀጥሎ አንድ ፂሙን ተላጭቶ የማያውቅ ሽማግሌ ገባ፤ ወይዘሮ ዊላዲን እሱን ራሳቸው ያዙት። «ወታደር ልጅ አለህ?» ብለውት ልጅ የለኝም ሲል ከልብ አዘኑለት፤ ግን ወለዱን በዓመት ስንት እንደሚሆን ወረቀት ላይ አሰልተው አሳዩትና እሱም ወጣ። ሦስተኛው የሰፈሩ የጥበቃ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ነበር። በሩን ከፍቶ፣ ሁለቱ ባርኔጣዎች ወደሱ ሲዞሩ አይቶ፣ ሳይገባ መልሶ ዘጋው።

ኮልቢ ስልኩን አንስቶ ጀርባውን ሰጥቶ እየተለማመጠ አወራ። «አዎ፣ አሁን... አይ፣ ተቀምጠዋል... አይሄዱም... እባክህን ሊብሬውን በሰው ላክልኝ።» ዘጋና ዞረ። «እመቤቴ፣ እየመጣ ነው። አርባ ደቂቃ። ቡና ልጋብዛችሁ? ማዶ ጥሩ ካፌ አለ፤ እኔ እከፍላለሁ፤ እዚያ ብትጠብቁ ይመቻችኋል።»

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ኦዴሳ ጓንታቸውን እያወለቁ። «አትቸኩል፣ ለኛ ብለህ አትጨነቅ። የሚያኖረኝ ልጅ አለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ የለኝም።»

በሩ እንደገና ተከፈተ፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው አጠገባቸው ያለውን ወንበር አራገፉ።